አለት ብዬ የጻፍኩት ቋጥኝ፦ ያረጀ የውኃ ዳር መድረክ ሲተካ ስለሚደረግ የአፈር ምርመራ

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ በክፍል ውስጥ በአንድ ሳምንት ጨርሰነው የምናልፈው ነው፤ የአፈር ምርመራ። እሱም የሕንፃ ሳይሆን የውኃ ዳር መድረክ፣ በተለይም አርጅቶ በአዲስ የሚተካ መድረክ። ርዕሱን የመረጥኩት ከሌላው የበለጠ ስለማውቅ አይደለም። በተግባር ልምምድ ጊዜ በጣና ዳርቻ፣ አንድ አነስተኛ የጀልባ ማረፊያ ሊታደስ ሲል የሞላሁት የቦርሆል ሎግ ስላለ ነው። ፎርሙ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ «ከ6.20 ሜትር ጀምሮ ባዛልት አለት፣ ቁፋሮው እዚህ ቆሟል» ይላል። አለት አልነበረም።

ወደዚያ ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። መድረክ ስል ከዳርቻው ተነስቶ ወደ ውኃው የሚዘልቅ፣ በፓይሎች ላይ የቆመ፣ ጀልባ ወይም መርከብ ተጠግቶ ሰውና ዕቃ የሚያወርድበት ሥራ ማለቴ ነው፤ ብዙዎቻችን ፒር ወይም ጄቲ እያልን የምንጠራው። ከሕንፃ የሚለየው ዋናው ነገር ሸክሙ ከላይ ወደ ታች ብቻ አለመሆኑ ነው። ጀልባው ሲጠጋ ይገፋዋል፣ ታስሮ ሲቆም ይጎትተዋል፣ ማዕበል ይመታዋል። ፓይሉ ደግሞ በውኃው ውስጥ ጭራሽ፣ በላይኛው ለስላሳ ጭቃ ውስጥም እምብዛም ደጋፊ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ መሬት ምን ያህል ይሸከማል?» የሚል ብቻ አይደለም። «ፓይሉን ወደ ጎን ሲገፉት አጥብቆ የሚይዘው መሬት ከስንት ሜትር በታች ይጀምራል?» የሚለው አንዳንዴ ይብሳል።

አሮጌ ሥራ ሲተካ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። «ይኼ መድረክ ስንት ዓመት ቆሟል፤ መሬቱ ተፈትኗል፤ ለምርመራ የሚወጣው ብር ብረት ቢገዛበት ይሻላል» ይባላል። ይህን ከፎርማን ብቻ ሳይሆን ከኢንጂነርም አፍ ሰምቻለሁ። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ግን የተፈተነው አሮጌው ሸክም በአሮጌው ምሶሶ ነው። የእንጨት ምሶሶዎች ብዙ ሆነው፣ ተቀራርበው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይሸከማሉ። አዲሱ ዲዛይን ጥቂት ትላልቅ የብረት ቱቦዎችን አራርቆ ያቆምና በእያንዳንዱ ላይ ብዙ ይጭናል፤ ከአሮጌውም በጣም ጠልቆ ይወርዳል። አሮጌው ያልደረሰበትን መሬት አሮጌው አልፈተነውም። ከዚህ ሌላ መሬቱ ራሱ በነዚያ ዓመታት እንደነበረ አይቆይም። የጀልባ ሞተር አጥቦት፣ ወይም ደለል ተከምሮበት፣ የተሰበረ ምሶሶና የተጣለ ድንጋይ ተቀብሮበት ሊሆን ይችላል። አሮጌዎቹ ምሶሶዎች ከተነቀሉ ደግሞ የነበሩበት አፈር ይላላል፤ አዲሱ ፓይል ከዚያ አጠገብ ከሆነ ይህንን ማወቅ ግድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ያገኘሁት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሲያትል ከተማ ዳርቻ ነው። ከጣና ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ መገናኛ አለው፤ ከታች አመጣዋለሁ።

ሲያትል በኤሊየት ቤይ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። የዛሬው የመሀል ከተማ ዳርቻዋ በአብዛኛው ተፈጥሯዊ አይደለም፤ ሙሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ሄንሪ የስለር የተባለ ሰው እዚያ በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ ከፈተ፤ ከመሰንጠቂያው የወጣው ሰጋቱራ ለመሬት መሙያ ዋለ። አዎ፣ ሰጋቱራ። ኋላ ደግሞ ከተማዋ ኮረብታዎቿን ለማስተካከል አፈሩን በውኃ ግፊት እየሸረሸረች ወደ ባሕሩ ለቀቀችው። ከ1916 ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ይህን ሙሊት የሚይዝ የባሕር ግድግዳ ተሠራ፤ ከሥሩ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የእንጨት ፓይሎች ነበሩ። ከፊቱም በእንጨት ፓይል ላይ የቆሙ መድረኮች ተደረደሩ።

እንጨቱን የጨረሰችው ግሪብል የምትባል፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ከሸርጣን ወገን የሆነች የባሕር ፍጥረት ናት። በጨዋማ ውኃ ውስጥ እንጨት ትበላለች። ነገሩ ሁሉ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንጨቱን በብረት መተካት ይበቃ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2001 መጠኑ 6.8 ሆኖ የተመዘገበው የኒስኳሊ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍተሻ የግድግዳው ደካማነት ይፋ ወጣ። ያኔ ትልቁ ጥያቄ የእንጨቱ ሳይሆን የሙሊቱ ሆነ። ልል አሸዋ በውኃ ተሞልቶ ሲንቀጠቀጥ ቅንጣቶቹ ይበልጥ ተጠጋግተው ለመቀመጥ ይሞክራሉ፤ መሀላቸው ያለው ውኃ በቅጽበት መውጫ ስለማያገኝ ግፊቱ ይጨምርና ቅንጣቶቹን ያንሳፍፋቸዋል። ያ ሁሉ አፈር ለጥቂት ጊዜ እንደ ወፍራም ሾርባ ይሆናል። ሊኩፋክሽን የምንለው ይህ ነው። በሜዳ ላይ ቢሆን ቤት ይሰምጣል፤ በውኃ ዳር ግን የከፋ ነው። መሬቱ ወደ ውኃው ስለሚያዘነብል የላላው አፈር በጅምላ ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል፤ መንገዱ ላይ ያገኘውን ፓይል ሁሉ ይዞ ይገፋል። ስለዚህ ለመድረክ የሚደረግ ምርመራ ፓይሉ የሚቆምበትን ነጥብ ብቻ አይቶ አይጨርስም፤ ከጀርባው ያለውን ዳርቻና ተዳፋቱንም ይጨምራል።

ሲያትሎች በኅዳር 2012 (እ.ኤ.አ.) ለግድግዳው መተኪያ 290 ሚሊዮን ዶላር ብድር በሕዝብ ድምፅ አጸደቁ። ከሥራው ትልቁ ክፍል ኮንክሪት መሙላት አልነበረም፤ ሲሚንቶ በከፍተኛ ግፊት ወደ መሬት እየረጩ ልሉን አፈር ወደ ጠንካራ ዓምድነት መቀየር ነበር፤ ጄት ግራውቲንግ ይባላል። እዚያው አጠገብ ያለው ኮልማን ዶክ የተባለው የፌሪ ማረፊያም ከ2017 ጀምሮ እስከ 2023 ባሉት ዓመታት፣ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ፣ የእንጨት መደገፊያው ተነስቶ በብረትና በኮንክሪት ተተክቷል። ይህ ሁሉ ውሳኔ የተመሠረተው በቦርሆል ላይ ነው። ሙሊቱ የት ላይ አልቆ የድሮው የባሕር ወለል የት ይጀምራል? ሰጋቱራና ግንድ የት አለ? ጠንካራው መሬት ስንት ሜትር ላይ ነው? በካርታ የሚመለስ ጥያቄ የለም።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። በሕንፃ ሳይት ላይ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ እዚህ መጀመሪያ ይመጣል፦ ሪጉ የት ይቁም? ቀላሉ መልስ «መድረኩ ላይ» የሚል ነው። ወለሉን በስተው፣ በቀዳዳው ካሲንግ አውርደው መቆፈር የተለመደ ዘዴ ነው። ግን መድረኩ የሚተካው ስላረጀ ነው፤ ቶን የሚመዝን የቁፋሮ ማሽን እንዲሸከም ልንጠይቀው የሚገባው ተሰልቶ ብቻ ነው። ሲያትል ውስጥ ፒር 58 የሚባለው መድረክ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2020 እየፈረሰ ሳለ ከፊሉ በድንገት ተደርምሶ ሠራተኞች ውኃ ውስጥ ወድቀዋል። ሁለተኛው አማራጭ ባርጅ ነው፤ ተንሳፋፊ ስለሆነ ማዕበል ያወዛውዘዋል፣ በአራት መልሕቅ መወጠር አለበት። ሦስተኛው እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ራሱን ከውኃው በላይ የሚያነሳ መድረክ ነው፤ ምርጥ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። አራተኛው፣ ማለትም በኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚደረገው፣ ውኃውን ትቶ ዳር ላይ ደረቅ መሬት ላይ መቆፈር ነው። ምርመራው ተደርጓል ይባላል፣ ሪፖርቱ ይጠረዛል፤ የተመረመረው ግን መድረኩ የማይቆምበት መሬት ነው።

በውኃ ላይ ሲቆፈር ጥልቀት ከምን ይለካል የሚለው ደግሞ ቀላል የሚመስል ወጥመድ ነው። የሲያትል ባሕር በቀን ውስጥ በማዕበል ምክንያት ከሦስት ሜትር በላይ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። ባርጁም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠዋት ከባርጁ ወለል የተለካ 12 ሜትርና ከሰዓት በኋላ የተለካ 12 ሜትር አንድ ቦታ አይደሉም። መፍትሔው እያንዳንዱን ናሙና በሰዓቱ ከተመዘገበ የውኃ ከፍታ ጋር አያይዞ ወደ አንድ ቋሚ መነሻ መመለስ ነው። ጣና የባሕር ማዕበል የለውም፤ ነገር ግን በክረምትና በበጋ መካከል ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ ሊለያይ ይችላል። ከዚህም በላይ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ ከፍታው የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚለቀቀው ውኃ መጠንም ይወስነዋል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ከመውረዱ የተነሳ የጀልባ ጉዞ ለወራት እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ስለዚህ «ከውኃው ወለል 3 ሜትር በታች» ብሎ ቀኑንና ከፍታውን ያልጻፈ ሎግ ምንም አልነገረንም።

ከዚያ ዋናው መሣሪያ አለ፤ ስታንዳርድ ፔኔትሬሽን ቴስት፣ ሁላችንም ኤስ.ፒ.ቲ. የምንለው። 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና ቱቦውን 45 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ያስገባል። የመጀመሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ምት አይቆጠርም፤ የቀሩት የሁለቱ 15 ሴንቲ ሜትሮች ምት ተደምሮ ኤን ይባላል። ዲዛይኑ የሚሠራው ከዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን የመሬቱ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውም ነው። ገመዱን ስንት ጊዜ እንደጠቀለለው፣ መዶሻውን ሙሉ ከፍታውን እንዳነሳው፣ ከምሳ በኋላ እጁ እንደደከመ፣ ሁሉም ይገባበታል። በተለይ ከውኃ በታች ባለ አሸዋ ውስጥ ቦርሆሉ ውስጥ ያለው ውኃ ከውጭው ዝቅ ካለ፣ ውኃ ከታች ወደ ላይ እየገፋ የቦርሆሉን ወለል ያፈላዋል። አሸዋው ይላላል፣ ኤን ይወርዳል፣ እኛም ጥሩውን መሬት መጥፎ ብለን እንጽፋለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መሰርሰሪያውን ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ካሲንጉን ሁልጊዜ እስከ አፉ በውኃ መሙላት። በሐይቅ መሀል ተቀምጦ ውኃ ማጣት አይቻልም፤ ግን ይህ የሚረሳው በጣም ብዙ ነው።

በተቃራኒው ለስላሳው የሐይቅ ጭቃ ላይ ኤስ.ፒ.ቲ. ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ቱቦው በመዶሻው ክብደት ብቻ፣ ሳይመታ፣ ይሰምጣል። ኤን ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ ግን በጣም ለስላሳና ለስላሳ የሚሉትን አይለይም፤ ወደ ጎን ለሚገፋ ፓይል ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቬን የሚባለውን ባለ አራት ክንፍ መሣሪያ ጭቃው ውስጥ አስገብቶ በማዞር፣ አፈሩ የሚቆረጥበትን ኃይል በቀጥታ መለካት ይሻላል። ርካሽም ነው፤ በአነስተኛ ጀልባም ይሠራል።

አሁን ወደ ሎጌ። ማረፊያው የእንጨት ምሶሶዎች ነበሩት፤ በብረት ቱቦ ፓይል ሊተካ ነበር። ሦስት ቦርሆል ተቆፈሩ፤ ሦስቱም ዳር ላይ። ሁለተኛው ላይ ጥቁሩን አፈር አልፈን፣ 6.20 ሜትር ላይ መዶሻው ሃምሳ ጊዜ መትቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አልገባም። ቱቦው ጫፍ ላይ ትኩስ ጥቁር የባዛልት ስባሪ ይዞ ወጣ። ዳይመንድ ቢቱ ሳይት ላይ አልነበረም። አለቃችን «አለት ነው፣ በቃ» አለ፤ እኔም ጻፍኩ። አንደኛውና ሦስተኛው ቦርሆልም ተቀራራቢ ጥልቀት ላይ ስለቆሙ ሥዕሉ ላይ ሦስቱን ነጥቦች በመስመር አገናኝተን ከሥሩ «አለት» ብለን ጻፍን። ፓይሎቹ በዚያ ልክ ተቆርጠው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በታሰበው ጥልቀት ቆሙ። ሦስተኛው ግን አልፎ ሄደ። ጫፉ ከውኃው በላይ አንድ ሜትር እስኪቀረው ተመትቶም አላቆመም። የሚቀጠል ቱቦ አልነበረም፤ ሥራው ቆመ፣ ክረምት ገባ።

ሥራው በቆመ በሳምንቱ፣ ድሮ ማረፊያውን ከሠሩት አናጢዎች አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ዳር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባባ፣ ያኔ ምሶሶውን ስትተክሉ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄኛው ዘው ብሎ ወረደ፣ ያኛው እምቢ አለ፤ እምቢ ያለውን እየቆረጥን ነው የሠራነው» አሉኝ። ከምርመራው በፊት መደረግ ያለበት የመረጃ ማሰባሰብ ሥራ በመጽሐፋችን ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። የድሮ ሥዕል፣ ካርታ፣ የቀድሞ ሪፖርት ይላል። የድሮ ሥዕል አልተገኘም ተብሎ ታልፎ ነበር፤ ሰውዬው ግን በየቀኑ እዚያው ነበሩ።

የሆነው ይህ ነው። የጣና ደቡባዊ ዳርቻ በባዛልት የላቫ ፍሰት ላይ የተቀመጠ ነው። ባዛልት ሲበሰብስ በስንጥቆቹ በኩል ይጀምራል፤ ስንጥቆቹ ዙሪያ ያለው ወደ ሸክላ አፈር ሲለወጥ መሀሉ ጠንካራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ከጊዜ በኋላ በሸክላ ውስጥ እንደ ድንች የተበተኑ ቋጥኞች ይፈጠራሉ፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ናሙናው ትኩስ ባዛልት መሆኑ እውነት ነበር። አለት መሆኑ ግን በሁለት ሴንቲ ሜትር ስባሪ አይረጋገጥም። ማረጋገጫው ወደ ውስጡ ገብቶ ኮር ማውጣት ነው፤ የተለመደው ቢያንስ ሦስት ሜትር ሲሆን፣ ቋጥኝ ይበዛል ተብሎ በሚጠረጠርበት አገር ከዚያም ማለፍ ነው። ኮሩ ሲወጣ ምን ያህሉ እንደተገኘ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑት ቁራጮች ድምር ስንት በመቶ እንደሆነ ይመዘገባል። መሀል ላይ ኮሩ ጠፍቶ ውኃው ቡናማ ሆኖ ከተመለሰ፣ ድንጋዩ አልቆ ሸክላ ጀምሯል ማለት ነው። የቁፋሮ ሠራተኞች ይህንን ከኛ በፊት ያውቃሉ፤ ድምፁ ይለወጣል።

ቀደም ብዬ ከሲያትል ጋር መገናኛ አለው ያልኩትን አሁን ላምጣው። በሲያትል ሙሊትና የባሕር ጭቃ ሥር ያለው መሬት በጣም ጠንካራ ነው። ምክንያቱ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት 900 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው በረዶ ተጭኖት ስለነበር ነው። በረዶው ቀለጠ፤ አፈሩ ግን የተጫነበትን አልረሳም። የኮንሶሊዴሽን ትምህርታችን ላይ ያለፈውን ከፍተኛ ጭነት የምንለው እሱ ነው። ያ በረዶ እዚያ ተጭኖ በነበረበት ዘመን አካባቢ ጣና ደርቆ ነበር። ከሐይቁ ወለል በተወሰዱ ኮሮች ላይ የተደረገ ጥናት ሐይቁ የዛሬ 17 እና 18 ሺህ ዓመት ገደማ እንደደረቀና ከዚያ በኋላ ተመልሶ እንደሞላ ያሳያል፤ በዳርቻው አቅራቢያ ከተወሰደው ኮር ግርጌ የተገኘውም ጠጣር ደለል ነው። የሚደርቅ ሸክላ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ልክ ከላይ እንደተጫነ ይሆናል። ለኛ ይህ ሁለት ነገር ማለት ነው። ከለስላሳው ጭቃ ሥር ፓይልን ወደ ጎን የሚይዝ ጠጣር ሽፋን ሊኖር ይችላል፤ አለት ፍለጋ ብቻ መሮጥ የለብንም። በሌላ በኩል ከጠጣሩ ሽፋን በታች እንደገና ለስላሳ ሊመጣ ስለሚችል፣ «ጠነከረ» ተብሎ ቁፋሮ አይቆምም። ባዛልት ቋጥኝ ላይ የሠራነው ስህተት ጠጣር ሸክላ ላይም በደንብ ይሠራል።

የቦርሆል ብዛትን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንድ የብረት ፓይል ቆርጦ መቀጠል፣ ክሬኑን ሥራ ፈትቶ ማቆም፣ አንድ ክረምት ማጣት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሁለት ተጨማሪ ቦርሆል ውድ ነው አይልም። የመድረኩ መስመር ላይ፣ ውኃው ውስጥ፣ በየጥቂት ፓይሉ አንድ፤ ዳርቻው ላይ ቢያንስ አንድ፤ ልዩነት ከታየ መሀሉ ላይ ጨምሮ። ቋጥኝ ባለበት ደግሞ ከሁለት ቦርሆል መሀል መስመር አለመሳል።

በጥቅምት ተመለስን። በርሜል ላይ ጣውላ ተጠፍሮ ባርጅ ተሠራ፣ ዳይመንድ ቢቱ መጣ፣ የሐይቁ ከፍታ በየሰዓቱ ተጻፈ። ከውኃው በፊት ግን የኔ ሁለተኛ ቦርሆል አጠገብ፣ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ እንደገና ተቆፈረ። ያው 6.20 አካባቢ መዶሻው ቆመ። ሎጉ ላይ «እምቢታ፤ ምክንያቱ አልተረጋገጠም፤ ኮር ይወሰድ» ብዬ ጻፍኩ። ኮሩ ወጣ፦ 1.30 ሜትር ባዛልት ቋጥኝ፣ ከሥሩ ቡናማ ጠጣር ሸክላ፣ በመሀሉ ሌላ ትንሽ ቋጥኝ፣ አለቱ 11.40 ሜትር ላይ።